471 ሚሊዮን ዩሮ የተገመተው ቤት ለምን ገዢ አጣ?

ጃንዋሪ 18 ቀን 2022 (ዘመኑ በፈረንጆቹ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉትም «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እንደዚያው) ሮም ውስጥ አንድ ቤት ለጨረታ ቀረበ። ቪያ ቬኔቶ ከሚባለው ዝነኛ ጎዳና ጥቂት ገባ ብሎ የሚገኝ፣ 2,800 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ዕድሜው ከአራት መቶ ዓመት በላይ የሆነ ቪላ ነው። ትክክለኛ ስሙ ካዚኖ ዴል አውሮራ ሲሆን ብዙ ሰው ቪላ አውሮራ ይለዋል። የተሰጠው ግምት 471 ሚሊዮን ዩሮ ነበር። የጨረታው ደንብ ከግምቱ በሩብ ዝቅ ብሎ ዋጋ ማስገባት ስለሚፈቅድ፣ 353 ሚሊዮን ዩሮ ያለው ሰው መወዳደር ይችል ነበር። የዓለም ጋዜጦች ከወራት በፊት ጀምረው «የዓለማችን ውዱ ቤት» እያሉ ጻፉለት። ዛሬ የእገሌ ቢሊየነር ስም ይነሳል፣ ነገ የሌላው። ቀኑ ደረሰ። አንድም ተጫራች አልመጣም።

ኤፕሪል ላይ ግምቱ 20 በመቶ ተቀንሶ በ376.8 ሚሊዮን ዩሮ እንደገና ወጣ። አሁንም ማንም የለም። ጁን መጨረሻ ላይ ሌላ 20 በመቶ ተቀነሰና 301 ሚሊዮን ገባ። ያኔም ማንም። በግማሽ ዓመት ውስጥ 170 ሚሊዮን ዩሮ ተቀንሶለት፣ በነጻ ያን ሁሉ ማስታወቂያ አግኝቶ፣ ስሙን የማያውቅ ባለጠጋ በሌለበት ሁኔታ ነው ይህ የሆነው።

እዚህ ላይ የሚነሳው ጥያቄ ተራ የደላላ ጥያቄ ይመስላል። እንዲህ ያለ ቤት በምን ያህል ጊዜ ይሸጣል? ግን የጥያቄው መልስ የብዙ ሰው ኑሮ ተንጠልጥሎበታል። ቤቱ እስኪሸጥ ወራሾች እየተካሰሱ ይቆያሉ፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ ዕዳው ይወልዳል፣ በቤቱ ውስጥ የሚኖረው ሰው መቼ እንደሚወጣ ሳያውቅ ይከርማል። ይህ ደግሞ የሮም መሳፍንት ብቻ ጉዳይ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ከአያት የወረደ ቪላ ላይ ለዓመታት የተፋጠጡ ወንድማማቾችን የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው።

መጀመሪያ የሮሙን ቤት ከውስጥ ማየት ያስፈልጋል። ምክንያቱም ግምቱ ራሱ ነው ቤቱን ያሰረው።

ቪላው በ16ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ ዴል ሞንቴ የተባሉ ካርዲናል እጅ ገባ። ካርዲናሉ ሥዕል ወዳድ ነበሩ፤ የአልኬሚ ሙከራም ያዘወትሩ ነበር። ለዚህ ሥራ የያዟት ትንሽ ክፍል ነበረቻቸው። በ1597 ገደማ የዚያችን ክፍል ኮርኒስ እንዲስልላቸው አንድ ወጣት አዘዙ። ወጣቱ ካራቫጆ ነበር። በልስን ላይ በዘይት ቀለም ጁፒተርን፣ ኔፕቱንንና ፕሉቶን ሳለ። ካራቫጆ በኮርኒስ ላይ እንደሳለው የሚታወቅ ሌላ ሥራ የለም። በ1621 ደግሞ ቪላው ወደ ሉዶቪሲ ቤተሰብ ሲዛወር ጉዌርቺኖ የተባለው ሠዓሊ በትልቁ አዳራሽ ኮርኒስ ላይ ንጋትን በሴት አምሳል ሳለ። ቤቱ አውሮራ የተባለው በዚህ ሥዕል ነው። በዙሪያው የነበረው ሰፊ የአትክልት ቦታ በ1880ዎቹ ተሸንሽኖ ተሸጠና ዛሬ የሆቴልና የኤምባሲ ሠፈር ሆነ። የቀረው ይኸው ቪላና ጥቂት ግቢ ነው።

ፍርድ ቤት የመደበው ገማች የካራቫጆን ሥዕል ብቻውን 310 ሚሊዮን ዩሮ ብሎ ተመነው። ልብ በሉ፤ ከ471 ሚሊዮኑ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ያህል የአንዲት ትንሽ ክፍል ኮርኒስ ዋጋ ነው ማለት ነው። ገማቹ ተሳስተዋል ለማለት አይደለም። የካራቫጆ ሥራ ገበያ ላይ ከቶ አይገኝም ማለት ይቻላል፤ ቢገኝ ያን ያህል ሊያወጣ ይችላል። ችግሩ ይህኛው ተነቅሎ አይሄድም። ለብቻው አይሸጥም፣ ከአገር አይወጣም፣ ሙዚየም ውስጥ አይሰቀልም። ለካራቫጆ 310 ሚሊዮን የሚከፍል ሰው ሥዕሉን ወስዶ የሚያሳይበት ቦታ ይፈልጋል። ሮም መሃል ትልቅ ቪላ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ለኮርኒስ 310 ሚሊዮን የሚጨምርበት ምክንያት የለውም። ሁለት ዓይነት ዋጋ ተደምሮ አንድ ግምት ሆነ፤ ሁለቱንም በአንድነት የሚፈልግ ሰው ግን ሊኖርም ላይኖርም ይችላል። የግምት ወረቀት ይህን አይናገርም። «ይህ ዕቃ ምን ያህል ያወጣል» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «ለማን?» የሚል ጥያቄ ካልመጣ ቁጥሩ ለፍርድ ቤት መዝገብ ይሆን እንደሆነ እንጂ ለሽያጭ አይሆንም።

በዚህ ላይ የጣሊያን ሕግ አለ። ቤቱ በቅርስነት የተጠበቀ ስለሆነ አንድ ሰው በጨረታ ቢያሸንፍ እንኳ መንግሥት በ60 ቀን ውስጥ በዚያው ዋጋ ቅድሚያ የመግዛት መብት አለው። ገዢው አሸንፎም ሁለት ወር ይጠብቃል፤ ከዚያ «አመሰግናለሁ፣ እኔ ወስጄዋለሁ» ሊባል ይችላል። መንግሥት እንዲገዛው የሚጠይቅ ፊርማ በአስር ሺዎች ተሰብስቦ ነበር። መንግሥት ሦስቱንም ጨረታ ዝም ብሎ አሳለፈ። ገዢ ከሌለ መንግሥትም የሚቀድመው ሰው የለም፤ ዋጋው ደግሞ እየወረደ ነው። በዚያ ወንበር የተቀመጠ ሰው መቸኮሉ ምን ይጠቅመዋል? እድሳቱም አለ። 11 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ይፈጃል ተብሎ ተገምቷል፤ እሱም በቅርስ ባለሥልጣናት ፈቃድና ክትትል ነው።

የቤቱ ችግር ግን በሕግና በሥዕል አላበቃም። ሻጩ አንድ አልነበረም። የቤቱ ባለቤት የነበሩት ልዑል በ2018 ሞቱ። ከዚያ በኋላ አሜሪካዊቷ መበለታቸውና ከመጀመሪያው ትዳር የተወለዱት ልጆች በውርሱ አልተስማሙም። ጨረታውን ያወጣው ፍርድ ቤት ነው። በኤፕሪል 2023 ልዕልቲቱ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለሃያ ዓመት ገደማ ከኖሩበት ቤት ወጡ። ገዢ የሚሆን ሰው ይህን ሁሉ በጋዜጣ እያነበበ ነበር። የተጣላ ቤተሰብ ቤት ለመግዛት የሚመጣ ሰው ወይ ክስ ፈርቶ ይሸሻል፣ ወይ «ትንሽ ልቆይ፤ ይርከሳል» ብሎ ይጠብቃል። ሁለቱም አይቸኩሉም።

ቪላ አውሮራ ጥግ የደረሰ ምሳሌ ነው፤ እውነት ነው። ግን ትንሽ ዝቅ ያሉትም ቤቶች ታሪካቸው ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ደቡብ ፈረንሳይ፣ ሴን ዣን ካፕ ፌራ ላይ ሌ ሴድር የሚባል ቪላ አለ። በ1830 የተሠራ ነው፤ በ1904 የገዛው የቤልጂጉ ንጉሥ ሊዮፖልድ ሁለተኛ ነበር። ያ ንጉሥ ገንዘቡን ከየት እንዳመጣው ለአፍሪካ አንባቢ ማስረዳት አያሻም። ከእሱ በኋላ የግራን ማርኒዬ መጠጥ ባለቤቶች ገዙት፤ በ2016 የጣሊያኑ ካምፓሪ ኩባንያውን ሲጠቀልል ቪላውም አብሮ መጣለት። ካምፓሪ መጠጥ ሻጭ ነው፤ ቪላና 14 ሄክታር የዕፅዋት ግቢ ምን ያደርግለታል? በ2017 በ350 ሚሊዮን ዩሮ ለገበያ አወጣው። በ2019 በ200 ሚሊዮን ተሸጠ። ሁለት ዓመት ፈጀ፤ 150 ሚሊዮንም ተቀነሰ።

ሎስ አንጀለስ ቤል ኤር ውስጥ በ1930ዎቹ የተሠራው ቻርትዌል የባለቤቱን ሞት ተከትሎ በ2017 በ350 ሚሊዮን ዶላር ወጣ። ወደ 245፣ ከዚያ ወደ 195 ሚሊዮን ወረደ። በ2019 መጨረሻ በ150 ሚሊዮን ገደማ ሄደ። እዚያው ቤቨርሊ ሂልስ ያለው የጋዜጣው ከበርቴ የኸርስት ቤት ደግሞ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው። «ዘ ጎድ ፋዘር» ፊልም ላይ የታየ ቤት ነው፤ ጆን ኤፍ ኬኔዲም የጫጉላ ጊዜያቸውን በከፊል ያሳለፉት እዚያ ነው። በ2007 በ165 ሚሊዮን ዶላር ለሽያጭ ወጣ። ሲወጣ ሲገባ፣ ዋጋው ሲወርድ ሲወጣ 14 ዓመት ሆነው። በመጨረሻ በ2021 በኪሳራ ችሎት በኩል በ63.1 ሚሊዮን ተሸጠ። ፊልሙም ፕሬዚዳንቱም አንድ ቀን አላፋጠኑትም።

በተቃራኒው የሚጠቀሰው ኮኔቲከት፣ ግሪኒች ያለው ኮፐር ቢች ፋርም ነው። በ1890ዎቹ የተሠራ፣ 50 ኤከር መሬት ያለው የባሕር ዳር ርስት ነው። በሜይ 2013 190 ሚሊዮን ዶላር ተባለ፤ ዓመት ሳይሞላው፣ በኤፕሪል 2014፣ በ120 ሚሊዮን ተሸጠ። ሻጩ 70 ሚሊዮን ዶላር ቶሎ መተው ቻለ፤ ነገሩ አለቀ። ይኸው ርስት በ2023 እንደገና ሲሸጥ ያወጣው ከ139 ሚሊዮን ያነሰ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ማለት ነው። ስለዚህ በ2014 የተሸጠበት ዋጋ ርካሽ ነበር የሚል ካለ ማስረጃውን መፈለግ አለበት።

ብዙ የኢትዮጵያ ተወላጆች በሚኖሩባት ዋሺንግተንም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። ጆርጅታውን ውስጥ ኤቨርሜይ የሚባለው፣ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ ያለ ግቢ በ2008 በ49 ሚሊዮን ዶላር ለሽያጭ ወጥቶ በ2011 በ22 ሚሊዮን ተሸጠ። ጊዜው የገንዘብ ቀውስ ስለነበር ሁሉንም በባለቤቶቹ ማሳበብ አይገባም።

እነዚህን አምስት ቤቶች ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው አንድ ነገር ይታየዋል። መጀመሪያ ከተጠራው ዋጋ ውስጥ በመጨረሻ ኪስ የገባው ከ38 እስከ 63 በመቶ ነው። ፈጥኖ የተሸጠው ኮፐር ቢች ከተጠራው ብዙውን አስቀረ፤ 14 ዓመት የቆየው የኸርስት ቤት ትንሹን። አምስት ቤት ሕግ አያወጣም፤ ጋዜጣ የሚመርጠውም የሚያስደንቀውን ነው። ቢሆንም «ብንቆይ ይጨምራል» የሚለው የወራሾች ተስፋ ከእነዚህ ከአምስቱ ከአንዱም ድጋፍ አያገኝም።

እንግዲህ አንድ ሰው ሳይዋሽ «ይህ ቤት በዚህ ያህል ጊዜ ይሸጣል» ለማለት ምን ይዞ ነው የሚነሳው?

የአሜሪካ ደላሎች የሚሠሩበት ቀላል ስሌት አለ። በአካባቢው በዚያ የዋጋ ደረጃ ለሽያጭ የቀረቡትን ቤቶች ይቆጥራሉ። ከዚያ ባለፈው ዓመት በዚያው ደረጃ ስንት እንደተሸጠ ያያሉ። 30 ቤት ለሽያጭ ቆሞ ባለፈው ዓመት የተሸጠው 10 ብቻ ከሆነ፣ አዲስ ቤት ባይመጣ እንኳ ያሉት ተሸጠው የሚያልቁት በሦስት ዓመት ነው። ለተራ ቤት ገበያ ስድስት ወር ገደማ ሚዛናዊ ተብሎ ይወሰዳል። ለቅንጡ ቤት ግን ዓመታትም ያልተለመደ አይደለም። ስሌቱ ጥሩ ነው፤ ትልቁ ጉድለቱ ቤቶቹ ተመሳሳይ ናቸው ብሎ መነሳቱ ነው። ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ከጎረቤቱ ጋር ይነጻጸራል። ባለ ካራቫጆ ቪላ ግን ከማን ጋር ይነጻጸር? «ባለፈው ዓመት ስንት ተሸጠ» ሲባል መልሱ ዜሮ ነው፤ በዜሮ ደግሞ አይካፈልም።

ሁለተኛው ቁጥር ደላላ ሁሉ የሚወደው ነው። «በዚህ ሠፈር ቤት በአማካይ በ90 ቀን ይሸጣል» ይባላል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አማካዩ የተሰላው ከተሸጡት ቤቶች ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ቆሞ ያልተሸጠው፣ ተስፋ ቆርጦ ከገበያ የወጣው በስሌቱ ውስጥ የለም። ፈተና ከወደቁት ውጪ ያሉትን ብቻ ቆጥሮ «የክፍሉ አማካይ 80 ነው» እንደማለት ነው። ሌላም ዘዴ አለ። ቤቱ ብዙ ሲቆይ ማስታወቂያውን አንስቶ ጥቂት ቆይቶ እንደ አዲስ ማውጣት። የቀን ቆጣሪው ከአንድ ይጀምራል፤ ቤቱ ግን ያው ቤት ነው። የኸርስት ዓይነት ቤት የ14 ዓመት ታሪኩ በየምዕራፉ ቢቆጠር የጥቂት ወራት ቤት ሊመስል ይችላል።

ታሪካዊ ቤት ላይ ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ሌላ ነገር ነው። ሊገዙ ከሚችሉት ሰዎች ውስጥ ስንቶቹ እንዳለ ይፈልጉታል? ገንዘብ ያላቸው ብዙ ናቸው። ከእነሱ ውስጥ በዚያች ከተማ መኖር የሚሹት ያንሳሉ። ከነዚያ ውስጥ ግድግዳ ሳያፈርሱ፣ መስኮት ሳይቀይሩ፣ ሊፍት ሳያስገቡ መኖር የሚችሉት የበለጠ ያንሳሉ። እንግሊዝ ውስጥ በቅርስ መዝገብ የሰፈረን ቤት ያለ ፈቃድ መለወጥ ወንጀል ነው፤ የቀድሞው ባለቤት ያለ ፈቃድ ያደረገውን ለውጥ አዲሱ ገዢ እንዲመልስ ሊገደድም ይችላል። ስለዚህ የገዢው ጠበቃና መሐንዲስ እያንዳንዱን በር መርምረው እስኪጨርሱ ወራት ይሄዳሉ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ብዙ ሰው የሚፈራው የብሔራዊ መዝገቡን ነው። የግል ባለቤት በራሱ ገንዘብ ቤቱን ቢለውጥ ያ መዝገብ አያግደውም፤ እጁን የሚይዘው የከተማው የቅርስ ቦርድ ነው። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሻጭ ገዢው ባልሆነ ነገር ሲሸሽበት ያያል፤ የማያውቅ ገዢ ደግሞ ከገዛ በኋላ ያዝናል።

የሚያፋጥን ነገር የለም ማለት ግን አይደለም። ከላይ ካሉት ውስጥ በሁለት ዓመትና ከዚያ ባነሰ የተሸጡት የሻጩ ሐሳብ የተቆረጠባቸው ናቸው። ካምፓሪ ቪላ አያስፈልገውም፤ አባቱ የሞቱበት ክፍልም የለበትም። እንዲህ ያለ ሻጭ የመጣውን ዋጋ ከገበያው ጋር እንጂ ከትዝታው ጋር አያስተያይም። የቤቱ ጥገና መጠናቀቁ፣ ወረቀቱ መጥራቱ፣ ሻጩ አንድ ሆኖ መፈረም መቻሉ፤ እነዚህ ሦስቱ ከማንኛውም የድሮን ቪዲዮ ይበልጣሉ። የቪዲዮው ነገር ከተነሳ፣ የቅንጡ ቤት ገዢ በማኅበራዊ ሚዲያ እያሰሰ የሚመጣ አይመስልም፤ ቪዲዮው የሚያስደስተው ብዙውን ጊዜ ሻጩን ነው።

ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ጥያቄው ራሱ መልኩን ይለውጣል።

ከሐምሌ 1967 ዓ.ም. ጀምሮ፣ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ፣ የመኳንንቱና የነጋዴዎቹ ትላልቅ ቤቶች ብዙዎቹ ከግል እጅ ወጥተዋል። ግማሹ ቢሮ፣ ግማሹ ብዙ አባወራ የተጋራው የቀበሌ ቤት ሆነ። ስለዚህ የከተማዋ ታሪካዊ ቤት አብዛኛው ገበያ ላይ የለም፤ በምን ያህል ጊዜ ይሸጣል ተብሎ አይጠየቅም። በግል እጅ የቀረው ቤተሰብ ይኖርበት የነበረው አንዱ ቤት ነው። እሱም ቢሆን የሚሸጠው ግንቡ እንጂ መሬቱ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ፣ አዲሱ ባለቤት ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ሥሪት ነው ይላል። ወራሾች በእጃቸው ያለው ካርታና ገዢው የሚረከበው ካርታ አንድ ዓይነት አይሆንም ማለት ነው። ይህን ሒሳብ ገዢው አስቀድሞ ይዞ ይመጣል፤ ሻጩ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ድርድር ላይ ነው።

እንደዚያም ሆኖ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ዋጋው የሚነገረው በካሬ ነው። ደላላው «ስንት ካሬ ነው? መንገዱ ስንት ሜትር ነው? ስንት ፎቅ ያስፈቅዳል?» ይላል። የእንጨት ደረጃው፣ በረንዳው፣ ጣውላው በጨዋታ መሃል ካልሆነ አይነሳም። ገዢው በአብዛኛው የሚያየው ፈርሶ የሚቆመውን ሕንፃ ነው። እዚህ ላይ የሮምና የአዲስ አበባ ገበያ ተገላቢጦሽ ይሆናሉ። ሮም ላይ ታሪክ ዋጋውን ሰቅሎ ገዢ አሳጣ። አዲስ አበባ ላይ ታሪክ ዋጋውን ያወርዳል። በቅርስነት የተመዘገበ ቤት በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 መሠረት ያለ ፈቃድ አይነካምና፣ ለማፍረስ የሚመጣው ገዢ ገና ሲሰማ ይሄዳል። ለመኖር የሚመጣው ደግሞ ጥቂት ነው። ቤተሰቡ «የአያታችን ቤት ታሪካዊ ነው» እያለ በኩራት ሲያወራ በድርድሩ ላይ ዋጋ እየጣለ እንደሆነ አይታወቀውም። ይህ ያሳዝናል፤ ግን ቤተሰቡ አይደለም ጥፋተኛው። ቅርስ ጠብቁ የሚለው ሕግ ቅርሱን ለጠበቀው ባለቤት በገበያው ላይ የሚታይ ጥቅም ካላመጣለት ውጤቱ ይህ ነው።

ፒያሳና ካዛንቺስ ከፈረሱ ወዲህ ደግሞ ገዢ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው «ልማት ይነካዋል ወይ?» ብሎ ነው። ለዚህ ጥያቄ ደላላ መልስ የለውም፤ ቤተሰቡም የለውም። መልስ የሌለው ጥያቄ እስካለ ድረስ ገዢው ወይ ይቆያል ወይ ለስጋቱ የሚሆን ቅናሽ ይጠይቃል። የትኛውም ስሌት ይህን በቀን ቆጥሮ ሊያስቀምጠው አይችልም። አንድ ወር የሚል ደላላ ግን አይጠፋም። እንዲህ ላለው ሰው ሁለት ጥያቄ ይበቃዋል። ባለፉት ሁለት ዓመታት እንዲህ ያለ ቤት ስንት ሸጥክ? መጀመሪያ ስንት ተብሎ ወጥቶ ስንት ተሸጠ?

እሱ መልስ እስኪያመጣ ቤተሰቡ የራሱን ሥራ ቢሠራ ይሻለዋል። ወራሾቹ ብዙውን ጊዜ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ሜሪላንድ፣ አንዱ ስቶክሆልም፣ አንዷ ዱባይ ናቸው። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት መውጣት አለበት። ውጭ ያሉት ውክልና በየኤምባሲው አስፈርመው ይልካሉ፤ አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይሄዳል። ከአራቱ አንዱ ካኮረፈ ወይም ፓስፖርቱ ካለፈበት ሁሉም ይቆማል። ገዢ ብር ይዞ ቀርቦ በዚህ ምክንያት ብቻ የሄደባቸው ቤተሰቦች አሉ፤ ከዚያ በኋላ ለዓመታት የሚያወሩት ስለዚያ ገዢ ነው። እነዚህ ወረቀቶች በአንድ ፋይል እስኪሰበሰቡ ድረስ ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ዋጋ ምንም ይሁን ምን ቤቱ ገና ለሽያጭ አልወጣም።